ጥር ሃያ ሰባት እስኪደርስ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 25

ጃኬቱን ሰጠችው። የጀማልን ቡናማ ጃኬት፣ ሳትጠይቀኝ።

ከትምህርት ቤት ስገባ አብዱ ሳሎናችን ውስጥ ለብሶት ተቀምጧል። እጅጌው ልክ፣ ትከሻው ልክ። ሐዩ "አየኸው? ለሱ የተሰፋ ነው የሚመስለው" አለችኝ፣ የሚያስደስተኝ መስሏት። "ማሻአላህ" ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ሌላ ምን ይባላል?

እዚህ ዐረብ አገር፣ ኾበር፣ በዚህ ወር ማታ ማታ ይበርዳል፤ አብዱ ደግሞ ከአንድ ስስ ሹራብ ሌላ የለውም። ይህ ሁሉ ይገባኛል። ግን ጃኬቱን የሞከርኩት ጊዜ እጅጌው ጣቶቼን ሲውጣቸው "ስታድግ ትለብሰዋለህ" ያለችኝ እሷ ራሷ ናት። እያደግኩ እኮ ነው። ትንሽ መታገሥ አቃታት?

እማዬ ይህን ደብተር ስትሰጠኝ "ለማያውቅህ ሰው እንደምታወራ አድርገህ ጻፍ፣ አማርኛህ እንዳይጠፋ" ብላኛለች። ስለዚህ ሰዎቹን ላስተዋውቅ።

ጀማል ታላቅ ወንድሜ ነው። ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቱ ሞተ፤ ዓመቱ ሊሞላ ነው። ትኩሳት ይዞት "ጉንፋን ነው፣ ያልፋል" እያለ ለማንም ሳይናገር ሰነበተ። ሆስፒታል ስናደርሰው ሳንባው ተጎድቶ ነበር፤ ዘግይቷል አሉን። ከዚያ በኋላ እማዬ ይህን ቤት ማየት አልቻለችም፤ ደሴ እህቷ ዘንድ ገባች። አባዬ በረሃ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሥራ ላይ ነው፤ ሐሙስ ማታ መጥቶ ቅዳሜ ይመለሳል፤ እዚህ የዕረፍት ቀኑ ዓርብና ቅዳሜ ነው። በሌሎቹ ቀናት አል ራዋቢ ሰፈር ያለው ቤታችን የኔና የሐዩ ብቻ ነው። ነበር ልበል መሰለኝ።

ሐዩ፣ ሐያት ማለት ነው፣ እህቴ ናት። ደማም አንድ ሆስፒታል ውስጥ በተላላፊ በሽታዎች ምርምር ክፍል የዳታ ተንታኝ ናት። በሽተኛ አታይም፤ ቁጥር ነው የምታየው። ጀማል እያለ ማታ ማታ ሥራዋን የምታወራው ለሱ ነበር። እሱ ግማሹ ሳይገባው "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላታል። እሷም ትቀጥላለች። ያ "ከዚያስ" ለኔ ይደርሰኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ለአብዱ ደረሰው።

አብዱ ወሎ ገጠር ተወልዶ በየመን በኩል የመጣ ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ያለ ወረቀት ኖሮ አሁን ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ አለው። ሐዩ የምትሠራበትን ፎቅ ይወለውል ነበር። በቅርቡ መጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር የሠራተኞች መኖሪያ ውስጥ በሽታ ሲነሳ፣ ከአማርኛ ሌላ የማይችሉ ሐበሾች ስላሉ አስተርጓሚ ተፈለገ። መኖሪያው የወንዶች ስለሆነ ሐዩ መግባት አትችልም። "አብዱን አውቀዋለሁ፣ ታማኝ ነው" ብላ በስሟ አስገባችው። አሁን ማታ ማታ እኛ ቤት ይመጣል። እሷን "እታለም" ይላታል። እኔን "ሙቤ" አለኝ። ሙባረክ ነው ስሜ። ሙቤ የሚለኝ ጀማል ነበር።

ዛሬ የቀናሁባቸው ነገሮች፦
ጃኬቱ።
ሐዩ በአብዱ ቀልድ ሻይዋ በአፍንጫዋ እስኪወጣ መሳቋ።
እማዬ።

እማዬ ስትደውል ሐዩ ስልኩን ለሱ ሰጠችው። የወሎ አነጋገሩን ስትሰማ እማዬ ድምፅዋ ተለወጠ። "አፈር ስሆን፣ የማን ልጅ ነህ? የሀገሬን ወሬ ነው የምታወራው!" አለችው። ከዚያ "ጥር ሃያ ሰባት የልጄ ዓመቱ ነው፤ ዱዓ አድርጉለት" ስትለው ሰማሁ። "ኢንሻአላህ እማማ፣ ጓደኞቼን ይዤ እመጣለሁ" አላት። ተራው ለኔ ሲደርስ "በደንብ ትበላለህ?" ስትል ስልኩ ተቋረጠ።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 26

አብዱ ዛሬ አልመጣም። አልሐምዱሊላህ።

እራት ላይ ሐዩ ዝም አለች። ዝም ስትል ሥራ ነው። እንደ ጀማል ለመሆን ሞከርኩ። "እሺ፣ ምን ሆነሽ ነው?" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የበላነውን የተምር ፍሬና የፒስታቺዮ ቅርፊት በሙሉ ወደ ፊቷ ሰበሰበች።

መሬት ላይ አንጥፈን የምንበላበት ሱፍራችን ላይ ካሬ ካሬ ጥለት አለ። "እያንዳንዱ ካሬ አንድ ቀን ነው" አለችኝ። "የተምሩ ፍሬ ሐበሻ ሠራተኛ። የፒስታቺዮው ቅርፊት የሌላው ሕንፃ ሠራተኛ። መጀመሪያ ትኩሳት በያዘው ቀን ላይ አስቀምጠው።" ስም የለም፣ እሷም ስም አታውቅም፤ የሚደርሳት ቁጥርና ቀን ብቻ ነው። እሷ ትናገራለች፣ እኔ አስቀምጣለሁ። ወላሂ ደስ አለኝ። ፍሬዎቹ በግራ በኩል ተከመሩ። ቅርፊቶቹ ዘግየት ብለው በቀኝ።

"ምን ይታይሃል?"

"ሐበሾቹ ቀድመው ታመሙ።"

"ሁሉም የሚያየው ይህንን ነው" አለችና ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። እሑድ ስብሰባ አለ። ሠራተኞቹን ያመጣው ድርጅት፣ በሽታው ከሐበሾቹ ክፍል የተነሳ ከሆነ የሁሉንም ኮንትራት አቋርጦ ኹሩጅ፣ የመውጫ ቪዛ፣ እንደሚያስመታባቸው ተናግሯል። ከዚያ አውሮፕላን ነው፣ መመለስ የለም። አሥራ ስድስት ሰዎች ናቸው። አብዛኞቹ ገና አዲስ ናቸው፤ ለመምጣት ያወጡትን እንኳ አልመለሱም። ግራፉን የምታቀርበው ሐዩ ናት።

"ላለማሳየት አትችይም?"

"ዳታ ልደብቅ?"

"እንዲያው ነው ያልኩት።"

አንድ የሚያስጨንቃት ነገር ደግሞ አለ። የሌላው ሕንፃ ሰዎች በታመሙ በአንድና በሁለት ቀን ክሊኒክ ሄደዋል። ሐበሾቹ ግን ዘጠኝ፣ አሥር ቀን ቆይተው ነው የሄዱት። ሁሉም። "ለምን ይመስልሻል?" ስላት ፍሬዎቹን እያየች "ሐበሻ አይደለን? ያልፋል እያሉ ነዋ። እንደ ጀማል" አለች።

ጀማልን በአሥራ ስድስት የተምር ፍሬ ውስጥ አየችው። እኔ ፊት ለፊቷ ነበርኩ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 27

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ተናድጃለሁ።

አመሻሹ ላይ በሩ ተንኳኳ። አብዱ። ነጭ ጀለቢያ፣ ከላዩ የጀማል ጃኬት። ከኋላው ሦስት ጓደኞቹ፣ አንደኛው በትልቅ ትሪ ሳምቡሳ ይዞ፣ አንደኛው ተምር። ፀጉራቸውን በውኃ አርጥበው አበጥረዋል። "አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ይርሐመው" እያሉ ገቡ።

"ምንድነው?" አልኩ።

"ዓመቱ አይደል? እማማ ሃያ ሰባት ነው ብለውኝ።"

"ጥር ሃያ ሰባት ነው ያለችው!"

"አዎ፣ ዛሬ ሃያ ሰባት ነው" ብሎ ስልኩን አሳየኝ።

"ይሄ ጃንዋሪ ነው።"

"ጃንዋሪ ጥር አይደል እንዴ?" አለ። ከልቡ ነው የሚጠይቀኝ። "አምስተኛ ክፍል እያለን መምህራችን ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስጠንቶናል። ጃንዋሪ ጥር፣ ፌብሩዋሪ የካቲት፣ ማርች መጋቢት።"

ትሪውን የያዘው ጓደኛው "አብዱ፣ አንተ ለሰርግህም በሌላ ቀን ነው የምትመጣው" አለው። ሌሎቹ ሳቅ አፈናቸው። ወንድሜ የሞተበትን ቀን ስተው በራችን ላይ ቆመው ሳቅ ያፍናቸዋል!

ሐዩ ከሥራ የገባችው ያኔ ነው። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። ጃኬቱን አየች፣ ትሪውን አየች፣ ነገሩን ሰማች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ገና ነው፣ በሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ነው" አለች። "ግን ዱዓ ቀድሞ ቢደርሰው ምን ይጎዳዋል? ግቡ፣ ተቀመጡ።"

ተቀመጡ። ከቁርኣን ያሲንን ቀሩለት። የአብዱ ድምፅ ያምራል፣ ይህም አናደደኝ። እኔ ሱፍራ ዘረጋሁ፣ ውኃ አቀረብኩ፣ አንድም ሳምቡሳ አልበላሁም። በረቡዑ ቀን እኔ ልቀራለት ተለማምጄ ነበር። ከመስታወት ፊት።

አሁን የመጀመሪያው እሱ ሆነ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 28

አገኘሁት። ያገኘሁት እኔ ነኝ።

የሒሳብ ክፍለ ጊዜ። መምህሩ ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀኑን ጻፈ፣ 28/1። እኔ በአብዱ ላይ እየተናደድኩ ነበር፤ ዛሬ በእማዬ አቆጣጠር ስንት እንደሆነ ከደብተሬ ጀርባ ላይ ቆጠርኩ። ጥር ሃያ። ስምንት ቀን ልዩነት። ሰነፍ፣ ስምንት ቀን ቀድሞ መጣ፣ ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ "ስምንት ቀን" የሚለውን እያየሁ ደነዘዝኩ።

አብዱ ለኛ ቤት ብቻ አይደለም ጥርን ጃንዋሪ የሚያደርገው። መኖሪያው ውስጥ ነርሱ "መቼ ታመምክ?" ይላል። አብዱ ይጠይቃል። ሠራተኛው ገና ከሀገሩ መምጣቱ ነው፤ "ጥር ሦስት" ይላል። አብዱ "ጃንዋሪ ሦስት" ይለዋል። ነርሱ ይጽፋል። ሐዩ ዘንድ ይደርሳል። የተምር ፍሬ ሆኖ በግራ በኩል ይቀመጣል። ትክክለኛው ቦታው ግን ስምንት ካሬ ወደ ቀኝ ነው፣ ጃንዋሪ አሥራ አንድ።

ክሊኒክ የሄዱበትን ቀን ደግሞ የጻፈው የክሊኒኩ ኮምፒውተር ነው፤ እሱ አልተሳሳተም። ከዘጠኝና ከአሥር ላይ ስምንት ሲነሳ አንድና ሁለት ይቀራል። አልዘገዩም! እንደ ማንኛውም ሰው በነጋታው ሄደዋል። "ሐበሻ አይደለን" ብለን ያመንነው ሁሉ ሐሰት ነው።

መምህሩ "ሙባረክ፣ ምን ያስቅሃል?" አለኝ። እየሳቅኩ መሆኔን አላወቅኩም።

ቤት ስገባ ሐዩ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ ኮድ ትጽፋለች። አንድ ቃል ብቻ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ የማታውቀውን እኔ አውቃለሁ፤ ትንሽ ልያዘው አልኩ። ደግሞ ነገ ማታ አብዱ ይመጣል። አባዬም ይገባል። ሁሉም ባሉበት።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 29

አደረግኩት። እንዳሰብኩት ግን አልሆነም።

እራት በልተን ጨርሰናል። አባዬ ከመንገድ ገብቶ እግሩን ዘርግቷል። አብዱ ከሐዩ አጠገብ። እኔ ፍሬዎቹንና ቅርፊቶቹን ሰበሰብኩና ሱፍራው ላይ ልክ እንደ ሰኞው ደረደርኳቸው።

"አብዱ" አልኩት፣ "ሠራተኞቹ ጥር ሦስት ታመምኩ ሲሉህ ለነርሱ ምን ትለዋለህ?"

"ጃንዋሪ ሦስት።"

"ማክሰኞ ዕለት ጥር ሃያ ሰባት ነው ብለህ የመጣኸውስ መቼ ነበር?"

"ጃንዋሪ..." አለና አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

እኔ በጣቴ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቀኝ ገፋሁ። ስምንት ካሬ። ቅርፊቶቹን አልፈው ሄዱ። ቀስ ብዬ ነው የገፋሁት፤ ሁሉም እስኪያይ። ከዚያ ቀና ብዬ ሐዩን አየሁ። እንዲህ ነበር ያሰብኩት፦ ትስቃለች፣ ጭንቅላቴን ይዛ ትስመኛለች፣ "ሙቤ!" ትላለች።

አልሳቀችም። "እኔ... ዘጠኝ ቀን" አለች። "ሁሉም ዘጠኝና አሥር ቀን። እንዴት አላየሁትም?" ከዚያ ወደኔ ዞረች። "መቼ ነው ያወቅኸው?"

"ትናንት።"

"ትናንት?" ድምፅዋ ተሰበረ። "ዛሬ የሥራ ቀን ነበር፣ ሙባረክ። ነርሱም ነበረ፣ ቢሮውም ክፍት ነበር። እሑድ ጠዋት ነው ስብሰባው። አንተም እንደሱ ትደብቃለህ?"

ከጀማል ጋር እንድታመሳስለኝ ዓመት ሙሉ ስመኝ ነበር። ዛሬ አመሳሰለችኝ።

አብዱ ተነሳ። "እታለም፣ በስምሽ አስገብተሽኝ..." ብሎ አልጨረሰም። ጃኬቱን አወለቀ፣ አጥፎ ሶፋው ላይ አኖረው። አባዬ "ተው ልጄ፣ ተቀመጥ፣ ይህ የሰው ስሕተት ነው" አለው። "አይ አባባ" ብሎ በዚያ በስስ ሹራቡ ወጣ። ሐዩ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ተከተለችው። ለብዙ ጊዜ ታች አወሩ። ያገኘሁት እኔ፣ የምትከተለው እሱን!

አባዬ ፍሬዎቹን እያየ "ጎበዝ ነህ" አለኝ። ቆይቶ ደግሞ "ግን ሰው ፊት ለምን?" አለ። መልስ ነበረኝ፤ የሚነገር አይደለም።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 30

ሐዩ የክፍሏን ኃላፊ በስልክ ለመነች። ነርሱ በዕረፍት ቀኑ እሺ አለ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አብዱና ነርሱ መኖሪያው ገቡ፤ ሐዩ ውጭ መኪና ውስጥ ጠበቀች። እኔም ልሂድ ብዬ ነበር። "አንተ ከአባዬ ጋር ሁን" አለችኝ። ቤት ቀረሁ። አባዬ ተኛ። ጃኬቱ ሶፋው ላይ ነው።

ለበስኩት። እጅጌው አሁን እስከ ጣቶቼ ሥር ብቻ ነው የሚደርሰው። አሸተትኩት። የጀማል ሽታ የለም። የአብዱ ሳሙና ነው የሚሸተው። አውልቄ እንደነበረ አጠፍኩት።

ሲመሽ ሐዩ ገባች። ደክሟታል ግን ዓይኗ ያበራል። አባዬ "እህሳ?" አላት።

አብዱ ሠራተኞቹን ሰብስቦ መጀመሪያ "ቀኑን ያበላሸሁባችሁ እኔ ነኝ፤ በኔ ምክንያት ልትባረሩ ነበር" አላቸው አሉ። አንዱ ሽማግሌ ቢጤ "አንተ ልጅ፣ ካሌንደርህን ጀልባው ላይ ጣልከው እንዴ?" ሲለው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሌላው "እኔ እንኳን ደመወዝ ቀን ቀርቧል ያልከኝን አምኜ ተበድሬ ነበር" አለ። ከዚያ አንድ በአንድ። አብዱ አሁን ቀኑን ብቻ አልጠየቀም፤ "ከገና በፊት ነው በኋላ?" እያለ ጠየቀ። ገና ጃንዋሪ ሰባት መሆኑን ነርሱም አጣርቶ አረጋገጠ። አንዱም "ከገና በፊት" ያለ የለም፤ ጃንዋሪ ሦስት ቢሆን ኖሮ ግን ከገና በፊት ይሆን ነበር። "ገናን በደህና ነው የዋልኩት፣ እቤት ደውዬ ከልጆቼ ጋር ስስቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የጣለኝ" ነው የሚሉት። ሙስሊሞቹም የጓደኞቻቸውን በዓል ያስታውሳሉ፤ አብረው በልተዋላ።

"የገናውን ጥያቄ ማን አሰበው?" አልኳት።

"አብዱ።"

ጎበዝ ነው። አልክድም። ግን ይህንን በደብተሬ ብቻ ነው የምለው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 31

ትንሽ ድል። ሐዩ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ወንበር ሳበችልኝ። "ና አንብብልኝ፣ ዓይኔ ፈዟል።"

ቁጥር አነባለሁ፣ እሷ ኮምፒውተሩ ላይ ካለው ጋር ታስተያያለች። ተራ ቁጥር፣ አሮጌው ቀን፣ አዲሱ ቀን። ሁለት ሰዎች ቀኑን ጨርሶ አያስታውሱም ነበር። "ስምንት ቀን ጨምሪባቸዋ፣ እንደ ሌሎቹ" አልኳት።

"ያላረጋገጥኩትን አልጽፍም። ባዶ ይሁን። ባዶ ሳጥን ከተሳሳተ ሳጥን ይሻላል።"

አዲሱ ግራፍ ወጣ። ፍሬዎቹና ቅርፊቶቹ ተደባለቁ፤ መጀመሪያ የታመሙት ከሌላው ሕንፃ ናቸው፣ ወዲያው ሐበሾቹ። "ታዲያ እነዚያ ናቸው ያመጡት?" አልኳት።

"አናውቅም። አንድ አውቶቡስ ነው የሚሳፈሩት፣ አንድ ቦታ ነው የሚበሉት። ቀድሞ ማሳል ወንጀል ነው እንዴ?"

አብረን ምሳ በላን። ስለ አብዱ አላነሳችም። እኔም። ግን ስልኳ በጮኸ ቁጥር ቀድማ ታነሳዋለች፤ እሱ አይደለም።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 1

ከትምህርት ቤት ስወጣ መልእክቷ ደረሰኝ። "ኸላስ። አይባረሩም።"

መንገድ ላይ ብቻዬን ጮህኩ። አንድ ሕፃን ደንግጦ አየኝ።

ማታ ሙሉውን ነገረችን፣ እኔንና ስልክ ላይ ያለውን አባዬን። አሮጌውንም አዲሱንም ግራፍ አሳየች። "ስሕተቱ የኔ ነው፤ መጠይቁ በየትኛው አቆጣጠር ብሎ አይጠይቅም፣ እኔም ሐበሻ ሆኜ አልጠየቅኩም" ብላ ተናገረች። የድርጅቱ ሰው ሁለቱንም እያየ ቆይቶ ማባረሩን ተወው። ኮንትራቱ ይቀጥላል።

አብዱ ግን ከአስተርጓሚነቱ ታግዷል። ነገሩ እስኪታይ ወደ መወልወያው ተመልሷል። ሐዩ ዛሬ ኮሪደሩ ላይ አገኘችው። ባልዲውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ አለፋት።

የፈለግኩት ይህ ነበር። ማታ ማታ አይመጣም፣ አይስቅም፣ ሙቤ አይለኝም፣ ጃኬቱ ሶፋው ላይ ነው። ሐዩ ሙሉ በሙሉ የኔ ናት። ተቀምጣ ግድግዳውን ታያለች።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4፤ ጥር 27

ዛሬ ሁለቱንም ቀን ጻፍኩ።

አባዬ ፈቃድ ጠይቆ መጣ። ሐዩ ከሥራ ቀድማ ወጣች። ጎረቤቶችና የአባዬ ጓደኞች መጡ፣ ቤቱ ሞላ። ያሲንን እኔ ቀራሁት። መሐሉ ላይ ድምፄ ጠፋ፤ አባዬ ከኋላ ቀስ ብሎ አንቀጹን ያዘልኝና ቀጠልኩ። ጨረስኩት።

እማዬ ደወለች። አለቀሰች፣ አለቀስኩ። ከዚያ "የሀገሬ ልጅስ መጣ?" አለች። ዛሬም እሱን! "አልመጣም" አልኳት። "ምነው? ቃል ሰጥቶኝ አልነበር?" ቃሉንማ ጠብቋል። ከማንም በፊት መጥቶ ነበር። ይህንን ስነግራት እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች። "ስምንት ቀን ቀድሞ? ሳምቡሳ ይዞ? ወይኔ ልጄን! ጀማል ቢሰማ መሬት ላይ ይንከባለል ነበር።"

እውነቷን ነው። ይንከባለል ነበር። ዓመት ሙሉ ማንም ጀማል እንደሚስቅ አላስታወሰኝም።

ስልኬን አወጣሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። በመጨረሻ "ዛሬ ነው። ትክክለኛው" ብዬ ላክሁለት።

ከሥራ በቀጥታ መጣ፣ የማጽጃ ሽታ እየሸተተ። እንግዶቹ ሄደዋል። በሩ ላይ ቆመ፣ እንደዚያን ቀን። ሐዩ ስታየው አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ፣ አጭር። ከዚያ ከበሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ጃኬቱን አንስቼ ጭኑ ላይ ጣልኩለት። "ውሰት ነው" አልኩት። "እጅጌው ልኬ እስኪሆን።"

"እሺ፣ ሙባረክ።"

"ሙቤ በለኝ፣ ለምዶብሃል።"

ሐዩ ሳህን ይዛ መጣች። አዲስ መጠይቅ አዘጋጅታለች፤ "በየትኛው አቆጣጠር?" የሚል መስመር አለው፣ ከሥሩ "ከየትኛው በዓል በፊት ወይም በኋላ?" የሚል። ኃላፊዋ ይህን ይዞ አብዱ እንደገና ይሞክር ወይስ አይሞክር ገና አልወሰነም። በሚመጣው ሳምንት እናያለን አለ። አብዱ ጥያቄውን አንብቦ "የገናው ላይ ረመዳንም ይጨመር" አላት። "ይጨመራል" አለች። ሳቀች። ከኔ ጋር ከሳቀችው ይልቅ ይረዝማል? ለካሁት፤ ትንሽ ይረዝማል።

ከዚያ አብዱ ወደኔ ዞሮ "ጀማል ምን ዓይነት ሰው ነበር?" አለኝ። ሐዩን አይደለም የጠየቀው። ሰው ሁሉ ስለ ጀማል ለኔ ይነግረኛል እንጂ የጠየቀኝ የለም።

የኮርኒሹን፣ የባሕሩን ዳርቻ፣ ነገር አወራሁት። ጀማል ባሕር ይፈራ ነበር። አንድ ቀን ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ፤ የፕላስቲክ ከረጢት እግሩን ሲነካው ጮኾ ጀርባዬ ላይ ዘለለ። እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ሁለታችንም ውኃ ውስጥ ወደቅን። ሐዩ ይህን አታውቅም ነበር። ፀሐይ ላይ እስክንደርቅ ተቀምጠን ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

አብዱ ሳቀ። "እኔም ባሕር እፈራለሁ" አለ።

"ያን ሁሉ ተሻግረህ?"

"ተሻግሬ ነዋ የምፈራው።"

ከዚያ ጃኬቱን እየለበሰ፣ ማን ይለው እንደነበር ሳያውቅ፣ "እሺ፣ ከዚያስ?" አለኝ።

ሐዩ ቀና አለች።

ብዙ አለኝ። የብስክሌቱ አለ፣ የሒሳብ ፈተናው አለ፣ ሐዩን በውሸት አስለቅሶ የተቀጣበት አለ። ሁሉም ምላሴ ጫፍ ላይ መጡ።

"ኸላስ" አልኩት። "ለዛሬ አንድ ይበቃሃል።"